ለሙግት ድርሰት መዘጋጀት፦ ከአሞራ ገደል እስከ አስተዋጽኦ

እዚህ ሐዋሳ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጽሑፍ ማረም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። "አርጉመንታቲቭ ኤሴይ ጽፋችሁ ኑ" ሲባል አብዛኛው ተማሪ የሚያደርገውን አውቃለሁ። ርዕስ ይመርጣል፣ ጉግል ላይ ይጽፋል፣ መጀመሪያ የመጡለትን ሁለት ሦስት ገጾች ያነባል፣ ከዚያ መግቢያው ላይ ተቀምጦ ሌሊቱ ይነጋበታል። ያስቸገረው እንግሊዝኛው ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው፤ የሚሟገተው ሰው የለውም። ፊቱ ማንም ሳይቆም ብቻውን ይናገራል።

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተራኪ፣ ገላጭ፣ ስዕላዊ፣ አመዛዛኝ ብለን ድርሰትን ስንከፋፍል ይህኛው "አመዛዛኝ" የሚለውን ስም ያገኘው በምክንያት ነው። ሚዛን ደግሞ ሁለት ሳሕን አለው። "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ በአደባባይ ይሟገቱ የነበሩ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሌላው ያለውን ሰምቶ፣ ያንኑ ይዞ ነበር የሚመልሰው። አፊኒ በሚባለው የሲዳማ ባህላዊ የመደማመጥ ሥርዓትም ሰው ከመፍረዱ በፊት መስማቱ ይጠየቃል። ከዚህ በታች ያለው የዝግጅት መንገድ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ድርሰቱን ከመጀመራችሁ በፊት የሚቃወማችሁን ሰው አግኙት፣ አዳምጡት፣ የድርሰቱን ዕቅድ፣ ማለትም አስተዋጽኦውን፣ በእሱ ጥያቄ ላይ ሥሩ።

የተሰጣችሁን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቡ

ይህ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ማርክ የሚጠፋው እዚህ ነው። ትእዛዙ "ተከራከሩ" ነው ወይስ "አብራሩ"? ስንት ገጽ? ስንት ምንጭ? ቃለ መጠይቅ እንደ ምንጭ ይቆጠራል? የምንጭ አጠቃቀሱ በኤፒኤ ነው ወይስ በሌላ? ያልገባችሁን በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩን ጠይቁ። በማስረከቢያው ዋዜማ የሚመጣ ጥያቄ ለመምህሩም ለእናንተም አይጠቅምም።

ርዕሱን ወደ ጥያቄ ለውጡ

"የሐዋሳ ሐይቅ ብክለት" ርዕስ እንጂ ሙግት አይደለም። "ብክለት ጥሩ ነው" ብሎ የሚነሳባችሁ ሰው ስለሌለ አምስት ገጽ ሙሉ ማንም ያልዘጋውን በር ስትገፉ ትውላላችሁ።

ለዚህ መመሪያ አንድ ምሳሌ ይዤ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፦ በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በብዛት በሚራባባቸው ወራት ዓሣ ማስገር መዘጋት አለበት ወይስ የለበትም?

ይህን ጥያቄ የመረጥኩት ሦስት ፈተና ስለሚያልፍ ነው። ሁለት ቅን ሰዎች ሊለያዩበት ይችላሉ፤ አንዱ ሐይቁን፣ ሌላው የልጆቹን እራት ያስባል። ማስረጃ ሊለውጠው ይችላል፤ ዓሣው መቼ እንደሚራባ፣ ምን ያህል እንደሚያዝ፣ ሕጉ ምን እንደሚል መፈተሽ ይቻላል። ደግሞም በተሰጣችሁ ገጽ ውስጥ ይገባል። "የኢትዮጵያ ዓሣ ሀብት የወደፊት ዕጣ" ብትሉ ግን መጽሐፍም አይበቃችሁ። የእምነት ጥያቄ ሁለተኛውን ፈተና አያልፍም። የእምነት ጥያቄ ትንሽ ሆኖ ሳይሆን በምንጭና በቁጥር የሚፈታ ስላልሆነ ነው።

ሐይቁ ካልሳባችሁ ከተማችን ሌላም ሞልቷታል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ጀምሮ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ የማይነጋገር የሐዋሳ ሰው የለም። ለግል ድርጅቶች ሀገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሊወሰን ይገባል ወይ የሚለው እውነተኛ የሙግት ጥያቄ ነው፤ የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ስለሚናገር የምትነሡበት ሕግም አለ።

ከማንበባችሁ በፊት ያላችሁን ጻፉ

ስልካችሁን ዘግታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ጻፉ። ቤት ስትከራከሩ በምትናገሩበት ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛ፣ በወላይትኛ። እንግሊዝኛው በኋላ ይመጣል። ወረቀቱን ለሁለት ከፍላችሁ በአንዱ በኩል የምታውቁትን፣ በሌላው በኩል የሚመስላችሁን አስፍሩ። "ዓሣው ቀንሷል" የሚለው የቱ ውስጥ ይገባል? ብዙ ተማሪ "የማውቀው" ውስጥ ይጽፈዋል። ከማን እንደሰማው ስጠይቀው ግን መልስ ያጣል። ወደ ሁለተኛው ክፍል የተሻገረው ነገር ሁሉ የምርምራችሁ ዝርዝር ይሆናል።

በዚህ ሰዓት መረጃና ማስረጃን ለዩ። መረጃ የሰማችሁት ነው። ማስረጃ ደግሞ ከየት እንደመጣ የምታሳዩት፣ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያየው የሚችለው ነው። ድርሰቱ የሚቆመው በሁለተኛው ላይ ነው።

ተቃዋሚያችሁን ሄዳችሁ አግኙት

አብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ ተቃራኒውን ሐሳብ ወደ መጨረሻ ይገፋዋል፤ ድርሰቱ ካለቀ በኋላ "አንዳንዶች ግን እንዲህ ይላሉ" የሚል አንድ አንቀጽ ይለጠፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በራሳችሁ ጭንቅላት የፈጠራችሁት ተቃዋሚ ሁልጊዜ ሰነፍ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይወድቅላችኋል። እውነተኛው ሰው እንዲህ በቀላሉ አይወድቅም።

ስለዚህ ጠዋት ተነሥታችሁ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ውረዱ። ጀልባዎቹ ገብተው ዓሣው ሲራገፍ አትጠጉ፤ ያ የሰው እንጀራ የሚቆረስበት ሰዓት ነው። ግርግሩ ሲበርድ፣ መረብ የሚጠግኑት ሲቀመጡ ሰላምታ ሰጥታችሁ ቅረቡ። በዕድሜ የገፉትን "ጋሼ" ወይም "አባባ" በሉ፣ ዓሣ የሚጠብሱትንና ሾርባ የሚሸጡትን እናቶች "እትዬ" ብላችሁ አነጋግሩ። ተማሪ መሆናችሁን፣ ለምን እንደምትጠይቁ፣ ስማቸውን እንደማትጽፉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሳያስፈቅዱ ድምፅ መቅዳትና ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ልብ በሉ፤ እነሱም ለእናንተ ጊዜያቸውን እየሰጡ ነው።

ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሐይቁ ለጥቂት ወራት ይዘጋ ቢባል ምን ይደርስብዎታል? የዓሣውን ነገር የሚያበላሸው ምንድን ነው ብለው ያምናሉ? ሕግ የማውጣት ሥልጣኑ ቢሰጥዎት ምን ያደርጉ ነበር? ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ከእኔ ተማሪዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ መከራከር ይጀምራሉ። አትጀምሩ፤ ለመማር ነው የሄዳችሁት።

ቢያንስ አራት ዓይነት ተቃውሞ ልትሰሙ ትችላላችሁ። አንደኛው የዕለት ገቢ ነው፤ ዛሬ ያልገባ ጀልባ ዛሬ ማታ የሚበላ የለውም። ሁለተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ሕግ አክባሪው ሲያቆም በጠባብ ዓይን መረብ በሌሊት የሚገባው ይቀጥላል፣ መዝጊያው ለሌባው ሐይቁን ያስረክባል። ሦስተኛው የድንበር ነገር ነው፤ የሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፣ አንዱ ዳር ዘግቶ ሌላው ካልዘጋ ምን ዋጋ አለው? አራተኛው ጥፋተኛው መረቡ አይደለም የሚል ነው፤ ከየብስ ታጥቦ የሚገባው ደለልና ቆሻሻ ነው ይላል። እነዚህን አራቱን ካስታወሻችሁ ጋር አነጻጽሩ። የእናንተ ምክንያቶች ስንቶቹን ይመልሳሉ?

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሁለት ሰው አነጋግራችሁ "የሐዋሳ አስጋሪዎች ያምናሉ" ብላችሁ አትጻፉ። "ያነጋገርኳቸው ሁለት አስጋሪዎች" በሉ። ቁጥሩን በሐቅ መጻፍ ሙግታችሁን አያዳክመውም፤ አንባቢ የሚያምናችሁ በዚህ ነው።

ንባቡ፦ ምን፣ የት፣ በምን ቃል

ከሕጉ ጀምሩ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተም ለእናንተ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ ነገሩን በአማርኛው ትረዳላችሁ፣ ለድርሰቱ የሚሆነውን የእንግሊዝኛ ቃል ከጎኑ ታገኛላችሁ። ሁለቱ ቢለያዩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። ሕጉን አስቀድሞ ያላነበበ ተማሪ "መንግሥት ሕግ ሊያወጣ ይገባል" ብሎ ይደመድማል፤ ሕጉ ግን ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥያቄው ያኔ ይለወጣል፦ ያለው ሕግ ምን ይጎድለዋል?

እዚህ ጋ የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ አለ። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይኸው አዋጅ 315/2003 ተብሎ ይጠቀሳል። አንድ ተማሪ ሁለቱን የተለያዩ ሕጎች አድርጎ በሁለት አንቀጽ ሲያወዳድራቸው አይቻለሁ። ብዙ ደክሞበት ነበር፤ ልቤን ነካው። በማስታወሻችሁ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን "በኢትዮጵያ" ወይም "በፈረንጅ" ብላችሁ ጻፉ። የሕዝብ ቁጥር ስትጠቅሱም እንዲሁ ተጠንቀቁ። የመጨረሻው ሀገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ በፈረንጅ 2007 መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሐዋሳ ነዋሪ ብዛት የምታነቡት አኃዝ ትንበያ ወይም ግምት ስለሆነ "ይገመታል" ብላችሁ ጻፉት።

ቀጥሎ የሳይንሱን ጽሑፍ ፈልጉ። ጉግል ስኮላርና የአፍሪካ መጽሔቶችን የሚያሰባስበው ኤጄኦኤል ለጀማሪ ይበቃሉ፤ የዩኒቨርሲቲዎቻችንን የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻም አትርሱ። ፍለጋው የሚከሽፈው በአብዛኛው በቃሉ ምክንያት ነው። የከተማችን ስም በእንግሊዝኛ በብዙ ዓይነት ተጽፏል፤ በ"ኤች" የሚጀምር አለ፣ በ"ኤ" የሚጀምር አለ፣ አንድ "ኤስ" ያለው አለ፣ ሁለት ያለው አለ። አንዱን ብቻ ፈልጎ "ጥናት የለም" ያለ ተማሪ የብዙ ዓመት ሥራ አምልጦታል። ሁሉንም ሞክሩ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም በ1992 ሲመሠረት ስሙ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተጻፈው "የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል" በሚለው ሥር ይገኛል።

ለዓሣውም እንዲሁ ነው። "ቆሮሶ" ብላችሁ ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም፤ ተመራማሪዎቹ የሚጽፉት "ቲላፒያ" ወይም በሳይንሳዊ ስሙ "ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ" ብለው ነው። ሳይንሳዊውን ስም ከሐይቁ ስም ጋር አጣምራችሁ በላቲን ፊደል ጻፉት፤ የሚመጣው ውጤት ይለያል።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኛችሁ ከእሱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሂዱ። ወደ ኋላ ማለት መጨረሻው ላይ ያሉትን ዋቢዎች ማየት ነው፤ ወደ ፊት ማለት ደግሞ ጉግል ስኮላር ላይ "ይህን የጠቀሱ" የሚለውን መጫን ነው። ዝም ብሎ አዲስ ቃል እየሞከሩ ከመንከራተት ይህ እጅግ ይሻላል። ኢንተርኔት ስትከፍቱ የምታገኙትን ፒዲኤፍ ወዲያው አውርዱ፤ ኔትወርኩም መብራቱም ማታ ላይ ላይኖር ይችላል። የፋይሉን ስም በጸሐፊው ስምና በዓመቱ ቀይሩት፤ "ዳውንሎድ አንድ፣ ዳውንሎድ ሁለት" ተብሎ የተቀመጠ ጽሑፍ የጠፋ ያህል ነው። የኢትዮጵያ ጸሐፊን ስም ስትይዙ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ መዝግቡ። የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንዱ መጽሔት በራሱ ስም፣ ሌላው በአባቱ ስም ያስቀምጠዋል፤ አንዱን ሰው ሁለት አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩት።

ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ በግልጽ ልናገር። የፍለጋ ቃል ለማግኘት ወይም የከበደ አንቀጽ ለመረዳት ብትጠቀሙበት፣ መምህራችሁም ከፈቀደ፣ አልቃወምም። ምንጭ አምጣልኝ ማለት ግን አደጋ አለው። በዓለም ላይ የሌለ ጽሑፍ ከነጸሐፊው፣ ከነዓመቱ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። የሰጣችሁን እያንዳንዱን ምንጭ ከፍታችሁ በዓይናችሁ እስክታዩት ድረስ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። በቴሌግራም ግሩፕ የሚዞር ያለቀ ድርሰትም ሊያስኮንናችሁ እንጂ ሊያስተምራችሁ አይችልም።

የማስታወሻ ካርድ

ደብተር ቀድዳችሁ እያንዳንዱን ቅጠል ለአራት ቁረጡ። በአንድ ቁራጭ ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ ይሁን፤ ከላይ ምንጩና የገጽ ቁጥሩ፣ መሐል ላይ ሐሳቡ በራሳችሁ ቃል፣ ታች ደግሞ "ስለዚህ ምን?" ለሚለው የእናንተ መልስ። የጸሐፊውን ቃል እንዳለ ከወሰዳችሁ ትልቅ ትእምርተ ጥቅስ አድርጉበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የራሳችሁን ቃል ከሰው ቃል መለየት አትችሉም፤ ሳይታሰብ የሚሰረቀው ጽሑፍ የሚመጣው ከዚህ ነው።

"ስለዚህ ምን?" የሚለው መስመር የካርዱ ነፍስ ነው። ምሳሌ ላሳይ። ካርዱ ላይ "ሐዋሳ ሐይቅ የገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ዋናው ገባሪው የጥቁር ውሃ ወንዝ ነው" ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። እውነት ነው። ግን ብቻውን የጂኦግራፊ ትምህርት ነው። ታች "ስለዚህ እዚህ ያለቀ ዓሣ ከሌላ ሐይቅ ዋኝቶ በመጣ ዓሣ አይተካም፤ መራባት ያለበት እዚሁ ነው" ብትሉ ለመዝጊያው ማስረጃ ሆነ። ይኸው እውነት ለአራተኛው ተቃውሞም ያገለግላል፦ የገባው ደለል መውጫ የለውም። አንድ ካርድ ለሁለቱም ወገን ሲሠራ አትደንግጡ፤ ምልክት አድርጉበትና በአስተዋጽኦው ላይ ፊት ለፊት አንሡት።

የሌላ ሀገር ምሳሌም እንዲሁ ይመዘናል። ዛምቢያ በየዓመቱ ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የማስገር ክልከላ ታውጃለች። ይህ ወቅታዊ መዝጊያ የሕልም ሐሳብ አለመሆኑን ያሳያል። ግን ሐዋሳ ላይ እንደሚሠራ አያረጋግጥም፤ የእነሱ ወንዝና የእኛ ሐይቅ፣ የእነሱ ዝናብና የእኛ ክረምት አንድ አይደሉም። በሎጂክ ትምህርት ደካማ ንጽጽር የተባለው ይህ ነው። የራሳችን ጥያቄ እንዲያውም ጠለቅ ያለ ነው፦ ቆሮሶ በብዛት የሚራባባቸው ወራት የዓሣ ገበያ ከሚደራበት የጾም ወቅት ጋር ይገጥማሉ? ከገጠሙ መዝጊያው የሚነካው ገበያው በጣም በሞቀበት ሰዓት ነው ማለት ነው፤ የአስጋሪው ተቃውሞ ክብደት ይጨምራል። የወራቱን ነገር ከጥናቶቹ አውጥታችሁ የቀን መቁጠሪያ ላይ አስምሩት።

አስተዋጽኦ

ካርዶቹን አልጋ ላይ ወይም ወለል ላይ ዘርጉ። በምንጭ አትደርድሯቸው፤ አንድ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ከሆነ ድርሰት አይደለም፣ የመጽሐፍ ማጠቃለያ ነው። በጥያቄ ደርድሩ። አስጋሪው ያነሣው እያንዳንዱ ተቃውሞ አንድ ክምር ይሁን።

አሁን አቋማችሁን ጻፉ። መጀመሪያ የነበራችሁ ምናልባት "ዓሣ በሚራባበት ወቅት ማስገር መዘጋት አለበት" የሚል ነበር። ከአሞራ ገደልና ከንባቡ በኋላ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "ቆሮሶ በብዛት በሚራባባቸው ወራት ሐዋሳ ሐይቅ ለማስገር መዘጋት አለበት፤ መዝጊያው ፍትሐዊ የሚሆነው ግን ሁለቱም ዳርቻዎች አብረው ሲዘጉና አስጋሪው ለእነዚያ ወራት ሌላ ገቢ ሲመቻችለት ነው።" ሁለተኛው ረጅም ስለሆነ አይደለም የሚሻለው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አካል የጻፈው አስጋሪው ስለሆነ ነው። ተቃዋሚያችሁ አቋማችሁን ካልነካው በደንብ አላዳመጣችሁትም።

ንባቡ ወደ ሌላው ወገን ከወሰዳችሁ ደግሞ አቋማችሁን ቀይሩ። ማፈር አያስፈልግም።

ለዚህ አቋም እኔ የምነድፈው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። መግቢያው አጭር ሆኖ ጥያቄውንና አቋሙን ይናገራል፤ እንግሊዝኛ አንባቢ አቋማችሁን መጀመሪያ ላይ ይጠብቃል፣ ለመጨረሻ አታቆዩት። ከዚያ ስምምነት ካለበት ነገር እነሣለሁ፦ ሐይቁ መውጫ የለውም፣ ዓሣው የሚተካው እዚሁ በመራባት ነው። ቀጥሎ አራተኛውን ተቃውሞ፣ የደለሉን፣ አነሣለሁ። እውነትነቱን እቀበላለሁ፤ ግን ደለሉ ዓሣውን እየጎዳ ከሆነ ለሚራባው ዓሣ ፋታ መስጠት ይበልጥ ያስፈልጋል እላለሁ። ከዚያ የሕገወጡ መረብ ጥያቄ ይመጣል፤ በተዘጋ ወቅት ውሃ ላይ የታየ ጀልባ ሁሉ ጥፋተኛ ስለሚሆን ቁጥጥሩ ይቀላል የሚል መልስ አለኝ፣ ይህን የሚደግፍ ምንጭ ካገኘሁ ብቻ ግን አስገባዋለሁ። የሁለቱ ክልሎች ጉዳይ ይከተላል። የዕለት ገቢውን መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ከሁሉ የከበደው እሱ ስለሆነ ከፍ ያለ ቦታና ረጅም አንቀጽ ይገባዋል።

በእያንዳንዱ አንቀጽ ፊት ኃይለ ቃሉን፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ፣ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "ገቢ" ብላችሁ አትለፉት፤ ስለ ገቢ ምን ልትሉ ነው? ከሥሩ የካርዶቹን ቁጥር አስቀምጡ። ካርድ የሌለው ኃይለ ቃል ካለ ወይ ወደ ንባብ ተመለሱ ወይ ሰርዙት። ኃይለ ቃል የሌላቸው ካርዶችም ይተርፋሉ። ስለደከማችሁባቸው ብቻ አታስገቧቸው።

የሁለት ሳምንት ጊዜ ካላችሁ፣ ጥያቄውና የሃያ ደቂቃው ጽሑፍ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይለቅ። አሞራ ገደል ቅዳሜ ጠዋት ውረዱ። ንባቡና ካርዱ አምስት ቀን፣ አስተዋጽኦው አንድ ቀን፣ የተረፈው ለጽሑፉና ለእርማቱ ይሁን።

አስተዋጽኦው ሲያልቅ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የዶርም ጓደኛችሁን ቁጭ አድርጋችሁ "አንተ ዛሬ አስጋሪው ነህ፤ አራት ልጆች አሉህ፣ ጀልባህ በዕዳ ነው" በሉት። ኃይለ ቃሎቹን አንድ በአንድ በሚቀላችሁ ቋንቋ ንገሩት፣ ከእያንዳንዱ በኋላም እንዲመልስላችሁ ፍቀዱለት። አስተዋጽኦው ላይ የሌለ ጥያቄ ሲያነሣ ባዶ ካርድ አውጡና ጻፉት።